በገዛ ሰፈራችን ቤርጎ የያዝን ሰሞን

የባለቤቴ ወንድም መኪና ካምቢዮው እምቢ ያለው እኛ ላንጋኖ ልንሄድ በተነሳንበት ዋዜማ ነው። ሁሉም ነገር ተሰናድቶ ነበር። ልጆቹን ክረምቱን እንዲያሳልፉ ጅማ አክስታቸው ዘንድ ልከናቸዋል። እኔ ካርድ ክፍል ከምሠራበት ክሊኒክ የዓመት ፈቃዴን ወስጃለሁ። ባለቤቴ ዓለም ባንክ ሰፈር ያለውን የግንባታ ዕቃ ሱቁን ቁልፍ ለአጎቱ ልጅ አስረክቧል። የሰፈራችን የጸሎት ኅብረት ሳይቀር እጅ ጭኖብን፣ "መንገዳቸውን በደምህ ሸፍን" ብሎ ጸልዮልናል። ነሐሴ ሊያልቅ ነው፤ ዝናቡም ቀለል ማለት ጀምሯል። እንዲህ ሆነን ሳለ ነው ወንድሙ የደወለው።

"ካምቢዮው አልገባ አለኝ" አለ። "መካኒኩ አውርጄ ሳላየው ምንም አልልም እያለ ነው።"

ባለቤቴ ስልኩን ዘግቶ ሳሎኑ መሀል የቆመውን ሻንጣ ያይ ጀመር። በአውቶቡስ እንሂድ እንዳልለው የወገቡን ሕመም አውቀዋለሁ።

"በቃ፣ ፍቺው" አለኝ።

"አልፈታውም" አልኩት።

እልህ ይዞኝ አልነበረም። እኔ የዓመት ፈቃድ ወስጄ ቤት ከዋልኩ መጋረጃ አጥባለሁ። መጋረጃው ሲታጠብ ምንጣፉ ቆሽሾ ይታየኛል፤ ምንጣፉ ሲወጣ ከሶፋው ሥር ያለው ጉድ ይወጣል። ከዚያ ቁምሳጥኑ፣ ከዚያ ማድ ቤቱ። ፈቃዴ አልቆ ሥራ ስገባ ባልደረቦቼ "እንዴት ነበር እረፍቱ?" ሲሉኝ በበረኪና የተላጠ እጄን ከጠረጴዛ ሥር እደብቃለሁ። ያ ሻንጣ ከተፈታ መጋረጃው ከመስኮቱ እንደሚወርድ ታውቆኛል።

ሌላም ነገር ነበር። ከማድ ቤታችን መስኮት ፊት ለፊት፣ ከአስፋልቱ ማዶ፣ ሰማያዊ መስታወት የለበሰ ፔንሲዮን አለ። መሠረቱ ሲቆፈር ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ምስማሩን እንኳ የገዙት ከባለቤቴ ሱቅ ነው። ሽንኩርት ስከትፍ ዓይኔ የላይኛው ፎቅ ላይ ነው። አንዳንድ ቀን መጋረጃው ይገለጥና አንድ ሰው ቆሞ ወደኛ ሲያይ አየዋለሁ። ማነው እዚያ የሚያድረው? ከየት መጥቶ ነው? ከዚያ ላይ ሆኖ ሲያየንስ ምን እንመስለው ይሆን? ይህን ለዓመታት ሳስብ ኖሬአለሁ። ለማንም ግን ተናግሬው አላውቅም፤ እንዲህ ያለ ነገር ምን ተብሎ ይወራል?

"እዚያ እንሂድ" አልኩት፣ በመስኮቱ እያሳየሁት።

"የት? ቤርጎው?"

"ፔንሲዮን ነው።"

"ብታቆላምጪውም ያው ቤርጎ ነው። የራሳችን አልጋ እያለ? ደግሞ ሰው ምን ይላል?"

"ሰው ላንጋኖ ሄደዋል ነው የሚለው። ማን ያየናል?"

ባለቤቴ መስኮቱን አየ፣ ሻንጣውን አየ። ቀጥሎ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እሱ ሲስቅ ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ነው የሚስቀው። ትከሻው ከሳቀ ነገሩ እንዳለቀ አውቃለሁ።

በማግስቱ ሻንጣችንን እየጎተትን ወጣን። ጎረቤታችን በሯ ላይ ቆማ "መልካም መንገድ! ዓሣ እንዳትረሱን!" አለችን። "እሺ" አልናት፤ ሌላ ምን እንላለን? ፔንሲዮኑ ከፊታችን ቆሞ እያየን ወደ ግራ ታጥፈን፣ ፌርማታውን አልፈን፣ ሰፈሩን ዞረን በጓሮ በኩል መጣን። የታክሲ ረዳቶች ሻንጣውን እያዩ "አየር ጤና! ጦር ኃይሎች! ቦታ አለ!" እያሉ ሲከተሉን ባለቤቴ ቀና ብሎ ማየት አቃተው። ልክ የሰረቀ ሰው ይመስል ነበር።

እንግዳ መቀበያው ላይ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ የሰካች ወጣት ተቀምጣለች። ቀና ሳትል "ለስንት ሰዓት ነው?" አለችን።

ባለቤቴ ክው አለ። እጀታውን ይዞ ሊመለስ ሲል ክንዱን ያዝኩት።

"ለሰዓት አይደለም፤ እናድራለን። ምናልባትም እንሰነብታለን" አልኳት።

ያን ጊዜ ማዳመጫዋን ነቀለች። መታወቂያችንን ተቀብላ አድራሻውን አነበበች፤ የራሳችን ወረዳ ነው። የቤት ቁጥሩን አየች፤ በመስታወቱ በር ወደ ውጭ አየች፤ እንደገና እኛን።

"ቤታችሁ ውሃ ጠፍቶ ነው?"

"አይ፣ አለ።"

"ቀለም እያስቀባችሁ ነው?"

"አይደለም።"

ልጅቷ ልትጠይቀው የፈለገችውን ሌላውን ነገር ማንሳት ነውር ሆኖባት ስትቸገር ሳይ እውነቱን ነገርኳት። "ሰፈራችንን ከላይ ሆነን አይተነው አናውቅም። እሱን ለማየት ነው።"

ትስቅብኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ያወጣችውን ቁልፍ መልሳ ሰቀለችና ሌላ አነሳች። "እንደዛ ከሆነማ የጥጉን ልስጣችሁ። በሁለት በኩል መስኮት አለው።"

ክፍሉ ደረቅ የሳሙና ሽታ ነበረው። ሻንጣውን አልጋው ላይ ጥለን ሁለታችንም መስኮቱ ላይ ተጣበቅን።

መጀመሪያ ያየሁት የገዛ ጣራችንን ነው፤ ለካ ቤታችን ከላይ ሲታይ ጠማማ ነው። የማድ ቤቱ ቆርቆሮ አንድ ጥጉ ተነስቶ ድንጋይ ተጭኖበታል፤ ማን እንደጫነው እስከ ዛሬ አላውቅም። ከውሃ ታንከሩ ሥር ቀይ ኳስ ተወሽቋል። ልጆቼ የጎረቤት ልጅ ሰረቀን ብለው ሲያለቅሱ የነበረበት ኳስ ነው። በእሱ የተነሳ ከልጁ እናት ጋር ስንት ቀን ተኮራርፈናል።

"ያ ቆርቆሮ የኔ ነው" ይላል ባለቤቴ፣ በጣቱ የሰው ጣራ እየቆጠረ። "ያም የኔ ነው። ያኛው ግን ከሌላ ነው የገዛው፤ ለካ ሰላምታውን የቀነሰው ለዚህ ነው!"

ትልቅ የብረት በር ያለው፣ በሩ ላይ አንበሳ ያስቀረጸ ጎረቤት አለን። ሁልጊዜ ከውስጥ ምን ዓይነት ቪላ ይኖር ይሆን እል ነበር። ከላይ ስናየው በሩ ብቻ ነው የተሠራው። ከበሩ ጀርባ አንዲት ክፍል፣ የተከመረ አሸዋና የታሰሩ በጎች አሉ። ሰውዬውን ከዚያ ቀን በኋላ ይበልጥ ወደድኩት። ራቅ ብሎ የዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየሞች ተደርድረዋል፤ በሌላው ወገን ቆሻሻ መድፊያው ቆሼ በኩል አሞራዎች ሰማዩ ላይ ይዞራሉ። ሁሌም ፊት ለፊቱ ግንብ አለበት ብዬ የምመለስበት ጠባብ መንገድ ደግሞ ግንቡ ጋ ሲደርስ ይታጠፍና እስከ ወንዙ ድረስ ይወርዳል። ስንት ዓመት ስኖር መታጠፊያውን አላወቅኩም።

ከዚያ ባለቤቴ ጣራ መቁጠሩን ተወ። ግንባሩን መስታወቱ ላይ አሳርፎ ወደ ወንዙ በኩል ያያል። በቤቶቹ መሀል አንድ አረንጓዴ ቁራሽ መሬት አለ።

"ሙዝ ነው?" አልኩት።

"ሙዝ ቅጠሉን ያዘነብላል። ያ ቀጥ ብሎ ነው የቆመው።" ቀጥሎም "እንሰት ነው" አለ።

ባለቤቴ ከምባታ ተወልዶ በልጅነቱ ነው ወደ አዲስ አበባ የመጣው። ስለ አገሩ ብዙ አያወራም፤ ስጠይቀውም "ልጅ ነበርኩ" ይላል። እኔ ደግሞ ጉለሌ ተወልጄ ያደግሁ ስለሆንኩ ቆጮ የማውቀው ተቆራርሶ ሳህን ላይ ሲመጣ ነው። ያን ቀን እዚያ መስኮት ላይ ቆሞ የእናቱ ቤት በእንሰት ተከቦ እንደነበረ፣ ዝናብ ሲመጣ ቅጠሉን ቆርጠው እንደ ጃንጥላ ይይዙት እንደነበረ ነገረኝ። አብረን ስንኖር እንዲህ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

"ማን ነው እዚህ እንሰት የተከለው?" አልኩት።

"እኔ ምን አውቃለሁ!"

"ነገ እንፈልገዋ።"

ጠዋት ሻወር ወስደን፣ ጸጉራችን ሳይደርቅ፣ እየተሳሳቅን በፊት ለፊቱ በር ወጣን። በጓሮ መግባታችንን ረስተነዋል። ፌርማታው ላይ የጸሎት ኅብረታችን መሪ ታክሲ ትጠብቃለች። ታላቃችን ናት፤ እሷም የከምባታ ሰው ናት፤ አትክልት በጅምላ ትነግዳለች፤ ለላንጋኖው መንገድ ራሳችን ላይ እጇን የጫነችውም እሷ ናት። መጀመሪያ እኛን፣ ቀጥሎ ከኋላችን ያለውን በር፣ ከዚያ ከበሩ በላይ ያለውን ማስታወቂያ አየች።

"ሰላም ናችሁ?" አለች፤ ድምፅዋ ቀጭን ሆኗል። "መንገድ አልወጣችሁም እንዴ?"

"ካምቢዮው ተበላሽቶብን ነው እኮ፣ እትዬ" አለ ባለቤቴ።

"ካምቢዮው የሚሠራው እዚህ ፎቅ ላይ ነው?"

መልስ ሳንሰጣት ታክሲው መጣ። በመስኮቱ አንገቷን አዙራ እስክትርቅ ድረስ አየችን።

"አለቀልን" አለ ባለቤቴ።

"ምን አጠፋን? ተጋብተን የለ!"

"አንቺ ሴትዮ፣ እሱ መሰለሽ የሚወራው?"

ጨነቀው፤ ቢሆንም ወደ አረንጓዴው ግቢ ፍለጋችንን ቀጠልን። ከላይ ቀጥ ያለ መንገድ የመሰለው ነገር መሬት ላይ ስንወርድ ጠፋብን። በሁሉም በኩል የቆርቆሮ አጥር ነው። ሊስትሮውን ጠየቅን፤ ድንች የምትሸጠውን ጠየቅን። "እንሰት? እዚህ? ቡታጅራ ነው ያላችሁት?" ብለው ሳቁብን። በገዛ ሰፈሬ፣ ከቤቴ ሆኜ ብጣራ በሚሰማበት ቦታ፣ የት እንዳለሁ ጠፋኝ። እፍረት ሊሰማኝ ሲገባ ደስ አለኝ። ከልጅነቴ ወዲህ መንገድ ጠፍቶኝ አያውቅም።

ያገኘነው በኮባ፣ በራሱ በእንሰት ቅጠል ነው። ዘመን መለወጫ እየቀረበ ስለነበር አንዲት ሴት የድፎ ዳቦ መጋገሪያ ኮባ ጠቅልላ መንገድ ዳር ዘርግታለች። ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ የቅጠሉን አንገት በጣቱ ነካ አደረገው፤ ውሃው አልደረቀም።

"ይሄ ዛሬ ነው የተቆረጠው" አላት። "ከየት ነው የምታመጪው?"

"እታች ካሉት አባባ ነዋ። እዛ ሰማያዊ ቆርቆሮ ጋ። ግን ጮክ ብላችሁ አንኳኩ፤ ጆሯቸው ትንሽ ደከም ብሏል።"

ጮክ ብለን አንኳኳን። በሩ ገርበብ አለና ሹራብ የደረቡ ረጅም ሽማግሌ ብቅ አሉ።

"ከወረዳ ነው የመጣችሁት?" አሉ፣ በሩን በጉልበታቸው ደግፈው።

"አይደለንም አባባ" አልኩ። "ከላይ ከፔንሲዮኑ መስኮት እንሰትዎን አይተን ነው።"

"እንሰቴን አይታችሁስ?"

"ምንም። ቀረብ ብለን ልናየው ብቻ።"

ሽማግሌው ግራ ተጋብተው አንዴ እኔን አንዴ ባለቤቴን አዩ። የተዘጋጁበት ጥያቄ አልነበረም መሰለኝ፤ ጉልበታቸውን ከበሩ ላይ አነሱ።

ግቢው ወደ ወንዙ ያዘቀዝቃል። ከቤቱ ጀርባ እንሰቶቹ በመስመር ቆመዋል፤ ትንንሾቹ ከፊት፣ ትልልቆቹ ከኋላ፤ የቅጠላቸው አከርካሪ ቀላ ያለ ነው። ሥራቸው አመድና የቤት ጥራጊ ተጎዝጉዟል። ከውጭ የሚሰማው የመኪና ጡሩምባ እዚያ ሲደርስ ቀነስ ይላል። ባለቤቴ አንዱን ግንድ እንደ ከብት በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሙሉ አጠና ተራ አጠና ሲሸጡ የኖሩ የጉራጌ ሰው ናቸው። "እኔ የማውቀው ባሕር ዛፍ ነው" አሉን። "እንሰቱ የሷ ነበር። የባለቤቴ። ካች አምና አረፈች። እኔ አመዱን እደፋለሁ፣ ለዚያች ለኮባ ሻጯ ቅጠል እቆርጣለሁ። ብሩ አይደለም፤ ቢያንስ በሳምንት አንድ ሰው በሬን ይመታል ብዬ ነው።"

ከዚያ ወደ ጥግ ወስደው ከሁሉ ትልቁን አሳዩን። ከአናቱ ላይ ጎንበስ ያለ፣ ጡጫ የመሰለ ነገር ወጥቷል።

"አብቧል" አለ ባለቤቴ።

"አብቧል። ካበበ በኋላ ለቆጮ ካልተፋቀ ይበሰብሳል። ልጆቼ 'አባዬ፣ ቆርጠህ ጣለውና ሰርቪስ ቤት ሥራበት' ይሉኛል። መቁረጡስ ይሁን፤ እሷ ስንት ዓመት ያሳደገችውን ሳይበላ እንዴት እጥላለሁ? ይፍቁላት የነበሩት ጓደኞቿ አንዷ ሞተች፤ አንዷን ልጇ ቡራዩ ወሰዳት። ወንድ ደግሞ አይፍቅም።" ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺስ አትችይም?"

"እኔ የጉለሌ ልጅ ነኝ፣ አባባ።"

"እ!" አሉ፤ ሁሉም ነገር የተብራራላቸው ይመስላል። "ታዲያ አሁን ከየት ናችሁ? እንግዶች ናችሁ?"

"ቤታችን እዚሁ ከአስፋልቱ ማዶ ነው። እረፍት ላይ ስለሆንን ነው ፔንሲዮን የያዝነው።"

ሽማግሌው ወደ አስፋልቱ በኩል አዩ። "ከማን ነው የምታርፉት?" አሉ።

ባለቤቴ ትከሻው ሳቀ። ሽማግሌውም አዩትና ሳቁ። ሻይ ካልጠጣችሁ አትሄዱም ብለውን፣ ራሳቸው አፍልተው፣ ቅርንፉድ አብዝተውበት አጠጡን። ስንወጣ ለባለቤቴ አንድ ኮባ ቆርጠው ሰጡት። ምን እንደሚያደርግበት ባያውቅም ተሸክሞት መጣ።

ፔንሲዮኑ በር ላይ ስንደርስ ያቺ ወጣት ብድግ ብላ መጣች። "እንግዶች አሉባችሁ" አለች በሹክሹክታ። "ለማስታረቅ የመጡ ይመስለኛል።"

እውነትም ነው። የኅብረታችን መሪና አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። ሽማግሌው ከረባት አድርገዋል፤ መጽሐፍ ቅዱሳቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። እኛን ሲያዩ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ቀስ ብለው ተነሱ።

"ልጆቼ፣ ተቀመጡ" አሉ። "ጠላት ትዳር ሊያፈርስ ሲያስብ መጀመሪያ ሰውን ከቤቱ ነው የሚያስወጣው። እስቲ ንገሩኝ፣ ከቤት ቀድሞ የወጣው ማነው?"

"እኩል ነው የወጣነው፣ ጋሼ" አለ ባለቤቴ።

"እኩል?" ሽማግሌው ይህ ከምን ዓይነት ጠብ እንደሚመደብ ጠፋቸው።

"አልተጣላንም" አልኩ እኔ። "መኪናው ሲበላሽብን ጊዜ እዚሁ እንረፍ ብለን ነው።"

"ቤታችሁ እዚያ ቆሞ ይታያል እኮ! አትደብቁን። እኛ የእናንተው ሰዎች ነን።"

አልተጣላንም ባልን ቁጥር የበለጠ እየተጨነቁ መጡ። ባለቤቴ ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ ኮባውን ታቅፎ ነበር የተቀመጠው። መሪያችን ዓይኗን ከቅጠሉ ላይ መንቀል አልቻለችም። በመጨረሻ እኔን በክንዴ ይዛ አስነሳችኝ።

"ነይ፣ እውነቱን ለብቻሽ ንገሪኝ።"

ወደ ክፍላችን ይዣት ወጣሁ። በሩን ዘግታ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች። "መታሽ?"

"ኧረ በጌታ ስም! እትዬ፣ ይምጡ፤ የመጣንበትን ላሳይዎት።" መስኮቱ ጋ አቁሜ ወደ ወንዙ በኩል ጠቆምኳት።

መጀመሪያ አላየችውም። ቀጥሎ ነጠላዋን ከራሷ ላይ ወደ ትከሻዋ አወረደች። ያቺ ተናግራ የማትጠግብ፣ የጸሎት ሰዓት ስናሳጥር የምትቆጣን ሴት የመጣችበትን ረሳች። ሱቆቹን፣ ጣራዎቹን፣ አሸዋ የጫነውን መኪና አልፋ ያን አረንጓዴ ነገር ብቻ ታያለች።

"እዚህ ሰፈር?" አለች በመጨረሻ። "እኔ በዚህ በኩል በየቀኑ አልፋለሁ እኮ።"

"ከመንገድ አይታይም። ከዚህ ብቻ ነው።"

ዓይኗን አጥብባ ወደ መስታወቱ ተጠጋች። "ያ ጥግ ላይ ያለው አብቧል! አብቦ ዝም ይባላል? የማን ነው? ሴት የለም በቤቱ?"

ነገርኳት። ስለ ሟቿ፣ ስለ ጓደኞቿ፣ ስለ ሰርቪሱ። እየሰማችኝ ጭንቀቷ ከእኛ ላይ ተነስቶ ወደ እንሰቱ ሲዞር ይታየኝ ነበር።

"ነገ ከኅብረታችን የአገሬን ሴቶች ይዤ እመጣለሁ" አለች። "መፋቂያ አለኝ፤ ከአገር ቤት ያመጣሁት። ባለ ግቢው ይከፍቱልናል?"

"ጮክ ብለን ካንኳኳን ይከፍታሉ።"

ወደ ታች ስንወርድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ በጭንቀት አዩን። መሪያችን ለማስረዳት ጊዜ አልነበራትም። "ታርቀዋል" አለቻቸው ባጭሩ። ሽማግሌው እፎይ ብለው ተነሱና፣ እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ ሳትቀር ዓይኗን ጨፍና፣ ስለ እርቃችን ረጅም የምስጋና ጸሎት ጸለዩ። ባለቤቴ ከሁላችንም ጮክ ብሎ "አሜን" አለ።

በማግስቱ ሴቶቹ መጡ። ጣውላ የያዘች አለች፣ ገጀራ የያዘች አለች፣ የልጇን ቦት ጫማ ያደረገችም አለች። አባባ በሩን ሲከፍቱ ይሄን ሁሉ ሰው አይተው "አሁንስ ከወረዳ ናችሁ" አሉ። መሪያችን ጎንበስ ብላ እጃቸውን ሳመችና "አባባ፣ ዋሳ ልንሠራልዎት ነው" አለች።

"ምን?"

"ዋሳ! ቆጮ!"

"እኛ ዉሳ ነው የምንለው" አሉ አባባ፣ በፊታቸው ላይ አንድ ነገር እየበራ። "ግቡ፣ ግቡ።"

ከገቡ በኋላ ግን እሳቸውን ከገዛ ግቢያቸው አስወጧቸው። የሚፋቅበት ቦታ ወንድ አይቆምም ተባለ። እሳቸውና ባለቤቴ ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እንሰቱ ሲወድቅ መሬቱ እግራችን ሥር ደነገጠ። ግንዱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በልጣጭ ተገነጠለ፤ ጣውላው አጥሩ ላይ ዘንበል ተደርጎ ቆመ፤ ሴቶቹ አንድ እግራቸውን ወደ ላይ አንስተው ልጣጩን በተረከዛቸው ጣውላው ላይ እየረገጡ፣ በቀርከሃ መፋቂያው ከላይ ወደ ታች መፋቅ ጀመሩ። ነጩ ጭማቂ ኮባው ላይ ይወርዳል፤ ቃጫው እጃቸው ላይ ይቀራል።

እኔ ተራዬ ደርሶኝ ሞከርኩ። መፋቂያው አንሸራተተኝና ቃጫውንም ሥጋውንም አንድ ላይ ቦጨቅኩት። ሳቁብኝ። አንዷ ከኋላዬ መጥታ እጇን እጄ ላይ ጭና አስያዘችኝ። እነዚህን ሴቶች ለዓመታት አውቃቸዋለሁ፤ የማውቃቸው ግን ለጸሎት ዓይናቸውን ጨፍነው ነው። ክንዳቸው ይህን ያህል ጠንካራ መሆኑን፣ እርስ በርስ በአገራቸው ቋንቋ ሲቀላለዱ እንዴት እንደሚባልጉ አላውቅም ነበር። "ምን አለች? ምን አለች?" እያልኩ ስጠይቅ መሪያችን ትተረጉምልኛለች፤ አንዳንዱን ግን "ይሄ ለጉለሌ ልጅ አይሆንም" ትለኝና ዝም ትላለች።

ችግር የተነሳው ጉድጓዱ ላይ ነው። ሴቶቹ የተፋቀውን በቅጠል ጠቅልለው እንዲብላላ የሚቀብሩበት ቦታ ከእንሰቶቹ መሀል ሊቆፍሩ ሲጀምሩ አባባ ከአጥሩ ማዶ ጮኹ።

"እዛ አይደለም! የሷ ጉድጓድ ከታች ጥጉ ጋ ነው!"

"አባባ፣ እዚያ እርጥብ ነው! ከወንዙ ውሃ ይገባበታል!" አለች መሪያችን።

"ስንት ዓመት ሲቀበርበት ገብቶበት አያውቅም!"

"በኛ አገር እንደዚህ አይደለም!"

"በኛ አገር ነዋ የበቀለው!"

እንዲህ አጥር ለአጥር ሲከራከሩ ቆዩ። በመጨረሻ እሳቸው ባሉበት ተቆፈረ፤ የላዩ አፈር ሲነሳ ጎኑ በሰው እጅ የተስተካከለ፣ ታቹ ጠጠር የተነጠፈበት የድሮ ጉድጓድ ሆኖ ተገኘ። መሪያችን ጎንበስ ብላ ጠጠሩን በእጇ ዳበሰችው። "ባለሙያ ነበረች" አለች ቀስ ብላ። አባባ ግን አልሰሟትም። ጮክ ብዬ ደገምኩላቸው። በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ ባለቤቴ እጁን ትከሻቸው ላይ አድርጓል።

ፔንሲዮኑ ውስጥ ትንሽ ቀን ጨመርን። ጠዋት ጠዋት የማናውቀውን መንገድ እንመርጥና እስኪጠፋን እንሄዳለን። ሳንሱሲ ድረስ ታክሲ ይዘን ሄደን በእግራችን የተመለስንበትም ቀን ነበር። አንበሳ በር ያለውን ጎረቤታችንን ስለ በጎቹ ጠይቄው እስኪመሽ አወራኝ። ያቺ እንግዳ መቀበያ ላይ የምትሠራው ልጅ "ዛሬስ ምን አገኛችሁ?" ትለናለች፤ እንነግራታለን። ወደ ቤታችን ስንመለስ ኳሱን አወረድኩ፤ ለልጁ እናትም ይዤላት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት። ባለቤቴ ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁን ዘግቶ አባባ ጋ ይሄዳል። ምን እንደሚያወሩ አላውቅም፤ ሲመለስ ጫማው ጭቃ ነው።

ጉድጓዱ የተከፈተው ኅዳር ላይ ነው። አባባ መጠበቅ አቅቷቸው በሰው አስጠሩን። ሴቶቹ ያው እንደ በፊቱ መጡ፤ ልጆቼም ጅማ ያላዩትን እዚህ ሊያዩ ተከትለውኝ መጡ። ቅጠሉ ሲገለጥ ኮምጠጥ ያለ ጠንካራ ሽታ ወጣ። መሪያችን ከላይ ከላዩ ወስዳ፣ ከትፋ፣ ጋግራ፣ ከጎመንና ከአይብ ጋር አቀረበችው። የመጀመሪያውን ቁራሽ ለአባባ ሰጠች። ሁላችንም አፋቸውን እናያለን።

አላመጡ። ዋጡ። ሌላ ቆረሱ።

"የሷ እንዲህ አልነበረም" አሉ።

መሪያችን ፊቷ ተለወጠ። "ምን ጎደለው፣ አባባ?"

"ምንም አልጎደለውም። አስቸኮላችሁት። እሷ ጥምቀት ሳያልፍ አታወጣውም ነበር።" ሦስተኛውን ቆረሱ። "የቀረውን መልሳችሁ ቅበሩና ከጥምቀት በኋላ ኑ።"

"ያስጠሩን እርስዎ አይደሉም እንዴ?" አለች እሷ፣ ወገቧን ይዛ።

"እኔ ምን አውቃለሁ፤ አጠና ሻጭ ነኝ" አሉ አባባ፤ ሳህኑንም ወደ ልጆቼ ገፋ አደረጉት።